ፈድሊያ ያላነበበችው ደብዳቤ

አሰብ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ለታላቅ እህቴ ለሐጂራ፣ ባለሽበት ሰላሙ ይብዛልሽ። እኔ ወንድምሽ ቲጃኒ ከዚህ አገር ሙቀትና ከናንተ ናፍቆት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፣ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤሽን ሹፌሩ እሱባለው ከቡናው ጭነት ጋር ይዞልኝ መጣ። ጫፉን ቅባት ነክቶታል፤ “ከክሪኩ ጋር አስቀምጬው ነው፣ ይቅርታ” አለኝ። እኔ ቅባቱንም ወደድኩት፤ ከናንተ ሰፈር የተነሳ ነገር ነውና።

ባሕሩ ምን ያህል ነው ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጥያቄው ያንቺ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። አንቺ ባሕር ሞላ ደረቀ ግድ የለሽም፤ የጠየቀችኝ ጸሐፊሽ ናት። ስለዚህ ልጄ ፈድሊያ፣ ይህን ለአክስትሽ፣ ለአዳዳሽ ጮክ ብለሽ ስታነቢ አንቺም ስሚው። ባሕሩ ጫፍ የለውም። ጠዋት ስነሳ ከሰማዩ ጋር አንድ ጨርቅ ነው፤ የተሰፋበት ቦታ አይታይም። መርከቦቹ ከዚያ ከማይታየው ስፌት ውስጥ ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ጭሱ፣ ቀጥሎ ምሰሶው፣ በመጨረሻ ሆዱ። ከየት እንደመጡ ጠይቄ የሚነግሩኝን የአገር ስም ማታ ስተኛ እረሳዋለሁ።

ትናንት ከጅማ የመጣ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ሳደርገው ዝናብ ዝናብ ሸተተኝ። እዚህ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። ዓይኔን ጨፍኜ የመርከቡን መሰላል ስወጣ የቦሳ ኪቶን ዳገት የምወጣ መሰለኝ፤ ደጃችን ላይ የምደርስ፣ አንቺም “ጫማህን አውልቅ” የምትይኝ መሰለኝ። ካቦው “ቲጃኒ፣ ተኝተህ ነው የምትሄደው?” ብሎ ጮኸብኝ። ተኝቼም ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ጆንያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የቻልኩት ዘንድሮ ነው፣ በወደቡ መሠረተ ትምህርት። ከዚያ በፊት ምን እንደሚል ሳላውቅ ስሸከመው ኖርኩ። ልጄ እንደኔ እንድትሆን አልፈልግም። እናቷ የሞተች ጊዜ በእጅሽ ሳስረክብሽ ትምህርቷን ብቻ ነው የለመንኩሽ። አምስተኛ ክፍል ገብታለች ብለሽኛል። አስተማሪዋ ማን ናት? ልጅቱስ እንዴት ይዛዋለች? ይህን ጻፊልኝ።

የተመኘሻትን ሬዲዮን ገዝቻታለሁ። ለሚመጣው አረፋ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ወንድምሽ ቲጃኒ


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ጥር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቲጃኒ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ሐጂራ እናገራለሁ፣ ፈድሊያ ትጽፋለች። የምለውን ሁሉ ጻፊ ብያታለሁና ደብዳቤው ቢረዝም እሷን ውቀስ።

እኛ ደህና ነን። ጎረቤትም ደህና ነው። ላሟ ወለደች። ጥጃው ወንድ ነው፣ ምን ይደረግ። ቀበሌው ስብሰባ ያበዛል፤ ስብሰባው ላይ እንቅልፍ ያበዛሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን አትጻፊ። ጻፍሽው? እሺ ይሁን፣ ወንድሜ ነው።

ሬዲዮን ስለገዛህ አላህ እጅህን ይባርከው። የት እንደማስቀምጠው ከወዲሁ አስቤያለሁ፤ መስኮቱ አጠገብ፣ ጎረቤት እንዲሰማው፣ ግን እጁ እንዳይደርስበት። አንተ ግን ተኝተህ አትሂድ። ባሕር ውስጥ ብትገባ ማን ዋኝቶ ያወጣሃል? አዌቱ ወንዝ ውስጥ እንኳ ከጉልበትህ አልፈህ ገብተህ አታውቅም።

ስለ ትምህርቱ ጠይቀሃል። ልጅቱ ደህና ናት። አድጋለች። ቀሚሷ አጥሯል። አስተማሪዋ… አስተማሪዋ ደግ ሰው ናት በይው። ጻፍሽ? በቃ ስለዚህ ይበቃል፣ ወደ ሌላ እንለፍ። እሱባለው የላክህልኝን ጨው ደረቅ አድርጎ አድርሶታል። ሰላም ሁን፣ ቶሎ ጻፍ።

እህትህ ሐጂራ

ከዚህ በታች ያለው ከእኔ ከፈድሊያ ነው። አዳዳ ለመግሪብ ውዱእ ልታደርግ ወጥታለች።

አባ፣ ባሕሩን አየሁት። ዓይኔን ስጨፍን ነው ያየሁት። እዚህ የቆርቆሮ ጣራው ቀዳዳ ያለው ትልቅ ቤት አለ። ጠዋት ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ከግድግዳው ጥግ ይነሳል፤ እያለ እያለ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል፤ አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲዋኝ ይውላል። ብርሃኑ እጄ ላይ ሲደርስ ምሳ ሰዓት ነው። ሴቶቹ ዝም ሲሉ እኔም ዝም እላለሁ፤ ያኔ ያለሁበት ይጠፋኛል። ማታ ስተኛ ቡና ከሰማይ ሲዘንብ አያለሁ፣ ድምፅ የለውም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቡናውን የሚጠጡት ሰዎች ጥቁር ፍሬ አንድ እንኳ ቢገባበት ያውቁታል ወይ? ካወቁ ይቆጣሉ ወይስ ያለቅሳሉ? እዚያ አገር እንደኔ የሆነች ልጅ አለች? ካለች ጠዋት ምን ታደርጋለች?

ልጅህ ፈድሊያ


አሰብ፣ የካቲት 27 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለሐጂራ፣

ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ ሰላም የለኝም።

እሱባለው ትናንት ገባ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎማው ጠየቅኩት፤ በመጨረሻ ስለ ልጄ ጠየቅኩት። “ኧረ ደህና ናት! መጋዘኑ ጭነት ስጭን ከሐጂራ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ቡና ስትለቅም አየኋት። እጇ እንዴት ይፈጥናል መሰለህ!” አለኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው። “ከትምህርት መልስ ነው?” አልኩት። “ጠዋትም ከሰዓትም ናት፣ ከኅዳር ጀምሮ” አለ። እዚያው ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

አስተማሪዋ ደግ ሰው ናት አልሽኝ። መጋዘኑ ነው እንግዲህ ትምህርት ቤቷ? ጣራው የሚያፈሰው ያ ትልቅ ቤት? እኔኮ ልጄ የጻፈችልኝን ብርሃን የክፍሏ ብርሃን መስሎኝ ለሰው ሁሉ እያነበብኩ ነበር። እኔ እዚህ የምሸከመው እሷ እዚያ የለቀመችውን ነዋ! ስንት ቀን በገዛ ትከሻዬ ላይ አልፋ መርከብ ገባች? ፈረንጅ ጥቁር ፍሬ አይወድም ተብሎ የልጄ ዓይን ይፍሰስ?

ምን አጣሽ? የምልከው ካነሰሽ ለምን አትነግሪኝም? የአንድ እናት ልጆች ባንሆን ከዚህ የከፋ እናገርሽ ነበር። ለሰርቦዋ ለለጢፋ፣ ለእናቷ እህት፣ እጽፍላታለሁ። መጥታ ልጅቱን ትወስዳታለች። አደራ የበላ ሰው ልጅ አያሳድግም።

ቲጃኒ


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ መጋቢት 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለቲጃኒ፣

ደብዳቤህ ሲነበብልኝ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቃል ከአፍህ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። “እህቴ ብቻ ሳትሆኚ እናቴም ነሽ” ማለትህ! “እጅሽ አይድረቅ፣ ልጄን በደንብ ይዘሽልኛል” ማለትህ! ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ይለያል፣ ግን ሁለቱም ደስ ይላል። አሰብ ሰው ያደርጋል ለካ። ለሰርቦዋ ለለጢፋ ሰላምታ መላክህም መልካም ነው፤ ከሠርግህ ጀምሮ ነገር ነበራችሁና።

እኔም አንዳንድ ጊዜ የሚከብደኝ ነገር አለ፣ ግን ቃልህን ስሰማ ቀለለኝ። ይህን እንዲሁ ጻፊለት፣ ምን እንደከበደኝ አይጠይቅም። አላህ ይጠብቅህ።

እህትህ ሐጂራ

አባ፣ እኔ ነኝ። አዳዳ ጎረቤት ቤት ናት፤ ደብዳቤህን እየነገረቻቸው ነው።

ደብዳቤህን አላነበብኩላትም። ወረቀቱን ይዤ ዓይኔ ያንተን ቃል ያያል፣ አፌ ሌላ ይላል። እንዲህ ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር። ስጨርስ ወረቀቱ ራሱ ሐሳቡን የቀየረ መስሎኝ ደግሜ አየሁት። አልቀየረም። “አደራ የበላ” የሚለው እዚያው ነው።

አባ፣ አትቆጣት። አዳዳ ቅርቡ አይታያትም። ሩቁ ይታያታል፤ ደጃችን ላይ ቆማ ወደ ጅሬን የሚወጣው ሰው ማን እንደሆነ ትለያለች። መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ግን እኔ ነኝ። በኅዳር ምሳ ላደርስላት መጋዘን ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ጋር ስትጨምረው አየሁ። ጣቶቿ ይዳብሳሉ። ተቆጣጣሪው ገበየሁ ከወዲያኛው ጫፍ እያየ እየመጣ ነበር። ሳልናገር ጥቁሩን ለቀምኩላት። 

በማግስቱ ምሳዋን ይዤ አብሬያት ወጣሁ። ትምህርት ቤቱ በር ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ወደ ሌላ በኩል አየን። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፤ ማታም፣ ጠዋትም። እሷ የምትለኝን ሁሉ የምጽፍልህ አንተ ነገሩን እንድታውቅልኝ ፈልጌ ይሁን አላውቅም።

ለጢፋ እንዳትመጣ። ማሎ አባ፣ እባክህ! እኔ ከሄድኩ ገበየሁ በሳምንቱ ያስወጣታል። ከዚያ ማን ይቀጥራታል? ግን ትምህርት ቤቱም ይናፍቀኛል። አንዳንድ ጊዜ በሕልሜ ስሜ ይጠራል፣ ቆሜ “አለሁ” እላለሁ፣ ድምፄ ግን አይወጣም። ባሕሩ ላይ ለዓይን መድኃኒት የሚሸጥ መርከብ ካለ ጠይቅልኝ።

ፈድሊያ


አሰብ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይህኛው ወረቀት ለአዳዳሽ የሚነበብ ነው።

እህቴ ሐጂራ፣ እንዴት ከርመሻል? አንዲት ትንሽ ዕቃ በእሱባለው እጅ ልኬልሻለሁ። በጨርቅ የጠቀለልኳት እንዳትሰበር ነው። አፍንጫሽ ላይ አድርገሽ መዳፍሽን ተመልከቺ። ሌላ ምንም አልልሽም። ወንድምሽ ቲጃኒ።

ይህኛው ደግሞ ላንቺ ብቻ ነው፣ ልጄ።

ያን ደብዳቤ ስጽፍ በማን አፍ እንደሚነበብ አላሰብኩም። ሞኝ አባት አለሽ፤ ለእህቱ የላከውን እሳት ለልጁ ያስጨበጠ። ይቅር በይኝ። ለለጢፋ አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም።

አሁን አንድ ነገር ላጫውትሽ። ወደቡ ላይ ስሙን መጥራት የማልችለው መርከብ ቆሞ ሰነበተ። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሲነጣና ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ፣ የመርከቡ ሽማግሌ ወጥ ሠሪ አጥሩ አጠገብ ተቀምጦ ምስር ይለቅም ነበር። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው። ምስሩን በመነጽሩ ውስጥ ያያል፤ ሰው ሲጠራው ደግሞ በመነጽሩ አናት አሻግሮ ያያል። ጆንያ እንደተሸከምኩ ቆምኩ። ሐጂራ ናት! አልኩ በልቤ። ሩቁን እንዲያ፣ ቅርቡን እንዲህ።

ሥራ ስንለቅ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቋንቋ የለንም። በጣቴ ለቀማ አሳየሁት፤ እጄን ወደ ዓይኔ አቅርቤ ጠፋብኝ አልኩት፤ ወደ ባሕሩ ጠቁሜ ታየኝ አልኩት። እንደ ሴት ነጠላ አጣፋሁለት፣ ሴት መሆኗን እንዲያውቅ። ሳቀና አቅፎኝ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሲመለስ ሌላ መነጽር ይዟል። እኔም ሄጄ ሬዲዮኗን አመጣሁለት። አልፈልግም ቢለኝም ትቼለት ሄድኩ። ትናንት መርከቡ ሲሄድ ሬዲዮኗ ከመስኮቱ ስትዘፍን ሰማኋት፣ እስከ ስፌቱ ድረስ። ስለ ሬዲዮኗ ለአዳዳሽ አትንገሪያት፤ እኔ ምክንያት አላጣም።

እዚያ አገር ያለችው ልጅ ጠዋት ምን እንደምታደርግ ጠይቀሽኝ ነበር። ወጥ ሠሪውን በምልክት ጠየቅኩት። ጀርባው ላይ ቦርሳ አንጠልጥሎ በዓይኑ ሳቀ። ትምህርት ቤት ትሄዳለች ማለቱ ነው። አንቺም ትሄጃለሽ።

አባትሽ


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ሰኔ 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቲጃኒ፣ ረመዳን ሊገባ ነው፣ አላህ በሰላም ያድርሰን።

መነጽሩ ደርሶኛል። አላህ ይስጥልኝ እንዳልል ሥራ አስፈታኸኝ። ምን አስበህ ነው? እኔ ዓይኔን አመመኝ ብዬሃለሁ? ጎረቤቶቹ ሳደርገው አይተው የቀበሌያችንን ሊቀመንበር መሰለች ብለው ሲስቁ ዋሉ። ይህን አትጻፊ፣ ሰውየው ቂመኛ ነው። ደግሞ መዳፍሽን ተመልከቺ ትለኛለህ፤ መዳፌን ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

እኔ ገና አላረጀሁም። ከደጄ ሆኜ ጅሬን መንገድ ላይ ማን እንደሚወጣ እነግርሃለሁ። ትናንት የወጣው አብራን የምትለቅመው የቆንጂት ባል ነበር፣ ያውም ሰክሮ። መጋዘን ይዤው ብገባ ገበየሁ “ለካስ እስከ ዛሬ ሳታይ ነው የለቀምሽው” ብሎ በዚያው በር ያስወጣኛል። ይህን ተይው፣ ሰርዢው።

ሬዲዮኗን ለአረፋ እጠብቃለሁ።

እህትህ ሐጂራ

አባ፣ አልሰረዝኩትም።

መነጽሩ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ከመስገጃዋ በታች። አንድ ቀን እሷ ሳትኖር አወጣሁትና አደረግኩት። ቤቱ ሁሉ ውሃ ውስጥ ገባ። ግድግዳው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ በሩ ላይ ያለው ብርሃን ሰፍቶ ተዘረጋ፣ ጫፉም ጠፋ። ይህ ነው እንዴ ባሕሩ? ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ኮቴዋን ስሰማ ቶሎ መለስኩት።

ክረምቱ ገብቷል። መጋዘኑ ይጨልማል፣ በቀዳዳው የሚገባው ብርሃን ሳይሆን ዝናብ ነው። ዓይኔ ያለቅሳል፣ እኔ ግን አላለቅስም። የድሮ አስተማሪዬን ጥሩወርቅን መንገድ ላይ አገኘኋት። ምዝገባው ጳጉሜን ላይ ነው፣ ዘንድሮም ከቀረሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜሽ አለፈ ይሉሻል አለችኝ። ለአዳዳ ልነግራት ፈለግኩ። ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም፤ እስከ ዛሬ ጀምረነው አናውቅማ።

ፈድሊያ


አሰብ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ፈድሊያ፣ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳለ አንብቢ። አንድ ቃል አትጨምሪ፣ አንድ ቃል አትዝለዪ። አዳዳሽ ብትቆጣም አታቁሚ። ቁጣው የእኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።

እህቴ ሐጂራ፣

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን ብዙ አሳደርነው። በየካቲት የጻፍኩልሽ ደብዳቤ የተነበበልሽ አይደለም። እሳት ነበር የላክሁት። ልጅቱ እሳቱን በጉንጯ ይዛ ለአንቺ ማር ተፋችልሽ። እንዳትመቻት፤ የምትመቺ ከሆነ እኔን ጠብቂኝ።

ሁሉንም አውቃለሁ። ዓይንሽን አውቃለሁ፣ መጋዘኑን አውቃለሁ፣ ትምህርት ቤቱ በር ጋ ስትደርሱ ፊታችሁን እንደምታዞሩ አውቃለሁ። አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፣ አለፈ። ማታ ማታ ከወደቡ ሰዎች ጋር ውጭ ስንተኛ ሰማዩን እያየሁ ሰቃ ገጠር የነበርንበት ጊዜ ይመጣብኛል። እናታችን የሞተች ዓመት ነው። የባለርስቱን ቡና ስንለቅም አንቺ የላይኛውን ቅርንጫፍ፣ እኔ የታችኛውን። ስደክም ጀርባሽ ላይ አስተኝተሽኝ ትለቅሚ ነበር። በአጥሩ ወዲያ ልጆች ደብተር ይዘው ሲያልፉ ሁለታችንም ዝም ብለን እናያቸው ነበር። ያኔ አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ እኔን የተሸከመ ልጅ። ይህን አንድ ቀን እንኳ አመስግኜሽ አላውቅም። እወድሻለሁ፣ ሐጂራ። ሞቀኝ መሰለኝ እንዲህ የማወራው፣ ግን እወድሻለሁ።

ዓይን ማርጀቱ ነውር አይደለም። ፀጉርሽ ሲሸብት ማንን ይቅርታ ጠየቅሽ? ነውሩ የልጅ ዓይን ተበድሮ አለመመለስ ነው። መነጽሩን አውጪ። ገበየሁ የሚለውን ይበል። ካስወጣሽም ያስወጣሽ፤ በኔ ትከሻ ሦስታችን እንኖራለን፣ ደረቁን እየበላንም ቢሆን። ብቻ ጳጉሜን ሳያልፍ እጇን ይዘሽ ወደዚያ በር ግቢ፤ ፊትሽን አታዙሪ።

ልጄ፣ ጨረስሽ? ጎበዝ።

ቲጃኒ


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ ኅዳር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ።

ቲጃኒ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። እኔ ሐጂራ። ፈድሊያ የለችም፤ ትምህርት ቤት ናት። ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቅ። ከጁምዓ ጀምሬ ነው የምጽፈው፣ ጣቴ ታመመ። ድሮ መሠረተ ትምህርት ስገባ ሰሌዳው ላይ ያለውን ከሁሉ ቀድሜ አነብ ነበር። መጽሐፉን ሲሰጡኝ ግን ፊደሉ ጉንዳን ይሆናል። ደንቆሮ ነኝ ብዬ ተውኩት። አሁን መነጽሩን አድርጌ ማታ ማታ ቀበሌ ሄጄ ጨረስኩት። ደንቆሮ አልነበርኩም።

የነሐሴውን ደብዳቤ አነበበችልኝ። አላቆመችም፣ ድምጿም አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን ተነስቼ ወጣሁ። አዌቱ ዳር ሄጄ ብዙ ቆየሁ። ውሃው ይሄዳል፣ እኔ እቆማለሁ። ስመለስ ሣጥኑን ከፍቼ መነጽሩን አደረግኩ። መጀመሪያ እጄን አየሁ፤ የእናታችን እጅ ሆኗል። ቀጥዬ ፈድሊያን ጠርቼ ፊቷን ወደ በሩ አዞርኩት። ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ፤ መቼ እንደወደቀች አላውቅም። የዓይኗ ሥር ቀልቶ ቆዳው ተላልጧል። ስንት ወር አጠገቤ ተቀምጣ ይህን አላየሁም! አለቀስኩ፣ ቲጃኒ። መነጽሩ ረጥቦ እንደገና ጠፋችብኝ።

ጳጉሜን አስመዘገብኳት። በሩ ጋ ስንደርስ ፊቴን አላዞርኩም። ጥሩወርቅ አምስተኛ ክፍልን እንደገና ትጀምር አለች። ከትንንሾቹ ጋር ትቀመጣለች፣ እግሯ ከወንበሩ ይተርፋል፣ ግድ የላትም።

የየካቲቱን ደብዳቤህንም ደብቃ አስቀምጣው ኖሮ ራሴ አነበብኩት። ሁሉም እውነት ነው። “አደራ የበላ” ያልከኝን ግን ገና ይቅር አላልኩህም፤ ለአረፋ ሳትመጣ ቀረህ እንጂ ፊት ለፊት እነግርህ ነበር። ሬዲዮኑ የት እንደገባም ከእሱባለው አውጣጥቻለሁ። ዝም ብያለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። አዲሱ ቡና ገብቶ መጋዘኑ በኅዳር ተከፈተ። መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። ገበየሁ “ምንድን ነው ይሄ፣ ዶክተር ሆንሽ?” አለኝ። “አዎ፣ ምን አመመህ?” አልኩት። ሴቶቹ ሳቁ፣ አልፎ ሄደ። ለቀምኩ። እያንዳንዱ ፍሬ ፊት አለው፣ አታውቅም? መሐሉ ላይ የተከፈለች መስመር አለችው፤ ረስቼያት ነበር። እንደ ሕልም ሆኖብኝ እጄ እየለቀመ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ።

ከዚያ ወደ ጎን አየሁ። ዘይቡ አጠገቤ ናት፤ እድሜ ልካችንን አብረን ለቅመናል። ጣቷ ይዳብሳል። ጥቁሩን ፍሬ አንስታ ደህናው ላይ ጣለችው። ልጇ ሀዋ ከጉልበቷ ሥር እጇን ልካ፣ ቀና ሳትል፣ መልሳ አወጣችው። ወደ ወዲያኛው አየሁ። ቆንጂት ናት፣ ከልጅ ልጇ ጋር። እንደዚያው። ከእሷ ቀጥላ ያለችውም እንደዚያው። ያ ረቢ! እነዚያን ልጆች ሁልጊዜ አያቸው ነበር፣ ምሳ ሊያደርሱ የመጡ ይመስሉኝ ነበር። እነሱም ፈድሊያን እንደዚያ አይተዋት ይሆናል። አንዳችን ለአንዳችን ምንም ብለን አናውቅም።

መነጽሩን አውልቄ ዘይቡ አፍንጫ ላይ አደረግኩላት። እጇን አየች። “ወላሂ ሐጂራ፣ ይሄ ሁሉ ጥቁር ነበር?” ብላ ጮኸች። ቆንጂት “ስጪኝ፣ ስጪኝ” ብላ ተነሳች፣ “በማርያም ለአንድ አፍታ!” አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተራ ነው የምናደርገው። አንዷ ስታይ ሌሎቻችን እንዳብሳለን። ገበየሁ ሥራው ተጓተተ ብሎ ይጮሃል።

ትናንት ዘይቡ መነጽሩን አድርጋ ስትለቅም ሀዋ ሥራ ፈታች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ቆየች። ከዚያ ወደኔ ጆሮ ተጠግታ፣ “አዳዳ፣ እናቴ ካየች እኔ ነገ የት ነው የምሄደው?” አለችኝ።  ተራው የእኔ ደርሶ ነበር። መነጽሩን ከእናቷ ተቀብዬ አደረግኩት። ልጅቱም ተመልሳ ከእናቷ ጉልበት ሥር ገባች።

ሬዲዮን እንኳ የለህም፣ ለባሕር ሰዎች ምን እንደምትሰጥ አላውቅም። መርከብ በመጣ ቁጥር ግን ውጣና መነጽር ጠይቅ። ቶሎ በል።

እህትህ ሐጂራ